ጥርኝ ውሃ

በላዔ ሰብእ የበላው 78 ነፍስ ነው። በየወሩ በ16 ጽዋ የሚጠጣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ይህን ቁጥር አይስትም። የካቲት 16 ቀን አየር ጤና ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ ቆሞ የሚያስቀድስ ምእመንም ይህን የእመቤታችንን ተአምር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። ሰውዬው የገዛ ቤተሰቡን ሳይቀር ጨርሷል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ለምጻም የኔ ቢጤ አገኘና ውሃ ለመነው። በዚህም በዚያም ስም ቢማጸነው አልራራም፤ «ስለ እመቤታችን» ሲለው ግን ልቡ ራደ፣ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ተመዘኑ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን እየዘለልን ነው የምንተርከው። ውሃዋ በራሷ አልደፋችም። ሚዛኑ ያዘነበለው እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልባት ነው። እንግዲህ ተራኪው ራሱ ጥርኝ ውሃ 78 ሰው ታወጣለች ብሎ አያውቅም። እኛ ነን ነገሩን ገበያ ያደረግነው፤ ትንሽ ሰጥቶ ብዙ መውሰድ። አንዳንድ ወንጌላውያን ወንድሞቻችን ታሪኩን ሲነቅፉ፣ አንዳንድ የእኛ ሰባክያንም ሲከላከሉለት፣ ሁለቱም የሚጣሉት በዚያው በገበያው ሒሳብ ላይ ይመስለኛል። የሁለቱ ወገኖች የሃይማኖት ክርክር ደግሞ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል፤ በመልካም ተስማምተው እንደተለያዩም ይነገራል። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች ግማሹን ያህል እንኳ ትዕግሥት ቢኖራቸው ደግ ነበር።

ወደ ለምጻሙ ልመለስ፤ በታሪኩ ውስጥ ስም ያልተሰጠው እሱ ነውና። ከአየር ጤና ብዙ ሳይርቅ ዘነበ ወርቅ አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዓፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበ ወርቅ ነው፤ በስማቸው የተጠራው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። እዚያው ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ተቋቋመ። ከየክፍለ ሀገሩ፣ አገሬው ያገለላቸው ሰዎች ለሕክምና መጥተው በዚያው ቀሩ፤ ቀዬአቸው ቢመለሱ የሚቀበላቸው አልነበረማ። ጎጆ ቀልሰው ወልደው ከበዱ። አካባቢው ዛሬ የተለያየ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ጣታቸውን በሽታው የወሰደባቸው አዛውንቶች ግን አሁንም አሉ።

በሽታው ከባክቴሪያ እንደሚመጣ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ደርሶበታል። ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። እኛ ዘንድ ግን ለብዙ ዘመን ስሙ እርግማን ነበር፤ የአባት ኃጢአት፣ የዘር ቁጣ። ጌታ ስለ ዕውሩ ሲጠየቅ እሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ የዘጋውን በር እኛ ከፍተን ገባን። ኃጢአትን ከሰው ቆዳ ላይ ልናነብ ሞከርን።

ተአምሩ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቆዳው የተበላሸው ሰው ንጹሕ ነው፤ ሙሉ አካል ያለው ሰውዬ ደግሞ ሰው በላ። ምሕረቱም በላዔ ሰብእ ዘንድ የደረሰው ማንም ሊጠጋው በማይወደው በዚያ ለማኝ አፍ በኩል ነው። እኔ እንደሚገባኝ በላዔ ሰብእ መጽዋች ሆኖ አልዳነም፤ የተመጸወተው እሱ ራሱ ነው። ለማኙ ስሟን ባይጠራለት ኖሮ ከዚያ ከደነደነ ልብ ምን ይወጣ ነበር? ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተቀመጠችው እናት «ስለ ኪዳነ ምሕረት» ስትል ያንኑ ልመና ነው የምትለምነው፤ አብዛኞቻችን «እግዜር ይስጥሽ» ብለን እናልፋለን። እግዜር እንዲሰጣት የላከው ማንን እንደሆነ አንጠይቅም።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ፤ ልሸፍነው አልወድም። 78ቱስ? ተአምሩ ስለ ነፍሰ ገዳዩ መዳን ይናገራል፤ የሟቾቹን ነገር አያነሣም። በየአቅጣጫው ሰው በሰው እጅ በሚሞትባት አገር ለተቀመጠ አንባቢ ይህ ዝምታ ቀላል አይደለም። የእግዚአብሔር ቸርነት ወሰን የለውም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ለተገደለባት እናት ይህን ከፊቷ ቆሞ መንገር ሌላ ነው። ዘኬዎስ ምሕረት ካገኘ በኋላ የበደላቸውን አራት እጥፍ እከፍላለሁ ብሏል። የንስሐ አባቶቻችንም የሰው ገንዘብ የወሰደ መልሶ ይምጣ የሚሉት ለዚህ ነው። ነፍስ ግን አይመለስም። ጸጋ ዕዳን ይተዋል፤ የተገደለውን ሰው ግን እንዳልነበረ አያደርገውም።

በሚመጣው የካቲት 16 ይህ ተአምር ሲተረክ፣ እባካችሁ፣ በላዔ ሰብእን ብቻ አታስቡ። ለ78ቱም አንድ ጊዜ «እግዚኦ» በሉላቸው።