የአገር ልጅ ማን ነው?

ሰው የአገር ልጅ የሚባለው በአባቱ ነው ወይስ በሥራው? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የቀድሞው የብሔራዊ ቡድናችን አምበል የሉቻኖ ቫሳሎ ታሪክ ነው።

ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. አሥመራ ውስጥ ከኢጣሊያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ፋሽስት የወረረን በተከታዩ ዓመት ነው። «የጠላት ዘር» ለማለት ለሚቸኩል ሰው ከዚህ የቀለለ ማስረጃ አይገኝም።

ይሁንና ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ 2 ለ 1 ስትመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አቻ ያደረገን ይኸው ሰው ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫውን ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በዚያች ሰዓት ስለ አባቱ የጠየቀ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

«ጠላት የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻስ ለእኛ ለደብረ ሲናዎች ይጠቅመን የለ?» የሚል ይኖራል። ምሳሌው ግን አይገጥምም። ዋሻው የተቆፈረው ለወራሪው መተላለፊያ ነው፤ ለእኛ የቀረው ቆፋሪው ስለ ተባረረ ነው። ሉቻኖ ግን አባቱን ባይመርጥም፣ የኢትዮጵያን መለያ ለብሶ የሮጠው ወዶ ነው።

በደርግ ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተሰደደ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሮም ላይ ዐረፈ። «ያው ወደ አባቱ አገር ገባ» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ባዩ ታዲያ፣ በዚያው ዘመን የተሰደዱትን፣ እናት አባታቸው ኢትዮጵያውያን የሆኑትን እነዚያን ሁሉ የማን አገር ልጆች ሊላቸው ነው?