ዝናቡ ከአላህ ነው፤ ሙቀቱን ማን እንዳመጣው መጠየቅስ?

 

የበልግ ዝናብ በዘገየ ቁጥር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን ክርክር ሳትሰሙ አትቀሩም። አንዱ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው፣ ሳይንቲስቶች ተስማምተውበታል» ይላል። ሌላው «ዝናብ የአላህ ነው፤ ሰው ማን ሆኖ ነው ሰማይን የሚለውጠው?» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሁለተኛው ሰው ኢማኑን የጠበቀ ይመስለዋል።

ግን አስቡት። ወደ ቦርከና የሚገባ ውሃ ቀለሙ ቢለወጥ፣ ከታች ያለው ገበሬ «ቀደር ነው» ብሎ ዝም አይልም። ከላይ ማን ምን እንደደፋ ይጠይቃል። በመጠየቁ ከእምነቱ የጎደለ ነገር የለም። ሱረቱ ሩም 41ኛው አንቀጽም በየብስና በባሕር ስለታየው ብልሽት ሲያወሳ የሰዎችን እጅ ያነሳል። ለወንዝ የተቀበልነው ለአየር ሲሆን ለምን ከበደን?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት እንደሚይዝ ከታወቀ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው መጠን ከሚሊዮን 280 እጅ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። «የፀሐይ ነገር ነው» የሚሉም አሉ። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛውም አየር አብሮ በሞቀ ነበር። የተለካው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው መቀዝቀዙን ነው።

ተጠራጣሪው ጨርሶ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ስምምነቱ ምድርን ማን አሞቃት በሚለው ላይ ነው፤ የወሎ በልግ ምን ይሆናል በሚለው ላይ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ በቅርብ አሥርት ዓመታት ሲቀንስ ታይቷል፤ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ስሌቶች ደግሞ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ሊቃውንቱ ራሳቸው እዚህ ላይ ይከራከራሉ። ስለዚህ የከሸፈውን በልግ ሁሉ በሙቀቱ የሚያሳብብም ከሚያውቀው በላይ ተናግሯል።

ምክንያት መጠየቅ ትርፍ ነገር የሚመስለው ካለ የ1966ቱን ረሃብ ያስታውስ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወሎ እየተራበ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ ጽፏል፤ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ እንደነበር የሚናገሩ ዘገባዎችንም ጠቅሷል። ዝናቡ ቀርቶ ነበር፣ እውነት ነው። ሰዉ ግን መግዣ አጥቶ፣ ረሃቡም ተደብቆ ነው ያለቀው። ያኔ «ከአላህ የመጣ ነው» ብሎ መዝጋት የሚጠቅመው የደበቀውን ነበር።

ዛሬም እንዲሁ ነው። አገራችን ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2022 በግብጽ ሸርም አል-ሸይኽ አገሮች ለተጎዱት የሚከፍል ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተዋል። ኢስቲስቃእ ሰግዶ የተመለሰ ገበሬ ከዚያ ፈንድ ድርሻዬ የታለ ቢል፣ «የሰው እጅ የለበትም» ያልነው እኛ ምን ብለን ልንመሰክርለት ነው?