ባለአደራው ሊመልሰው የማይገባ አደራ

ሰው ንብረቱን አደራ የሚሰጠው መልሶ ሊረከብ ነው። ሱረቱ ኒሳእ 58ኛው አያ አደራን ለባለቤቱ መመለስን ያዛል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ ዓሊይ (ረ.ዐ.) መካ የቆዩት የሰዎችን ንብረት ለመመለስ ነበር። ለመሆኑ ባለአደራው ሊመልሰው የማይገባ፣ እንዲያውም ምን እንደሆነ እንኳ ሊያውቀው የማይገባ አደራ ይኖራልን?

አለ። በኢንተርኔት የምንሰጠው የይለፍ ቃል ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት በድረ ገጽ ደንበኞቹን ይመዘግባል። አንዲት ዘመዴ የይለፍ ቃሏን ረስታ ብታመለክት የቀድሞውን ቃል እንዳለ ላኩላት። እሷ አመሰገነች፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። ቃሉን መላክ ከቻሉ ማንበብም ይችላሉ ማለት ነውና። ኃላፊውን ስጠይቃቸው «ወንድሜ፣ እኛ አላህን የምንፈራ ሰዎች ነን፤ ማንም አያየውም» አሉኝ። ሰውየውን አምናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ የእርሳቸው ተቅዋ ነገ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጠውን ሰው አያስርም፤ መዝገቡን የሚሰርቀውን ሌባማ ከቶውንም። ብዙዎቻችን ደግሞ በአንድ ቃል ኢሜይላችንንም የባንክ ሂሳባችንንም እንከፍታለን። ስለዚህ በዚያ መዝገብ ውስጥ የተቀመጠው የድርጅቱ ቁልፍ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን የተባሉ ባለሙያዎች በዩኒክስ ሥርዓት ላይ የተሠራበትን ዘዴ በጽሑፍ አቅርበዋል። የይለፍ ቃሉ ወደኋላ በማይመለስ ስሌት ይፈጫል፤ የሚቀመጠው ዱቄቱ ብቻ ነው። ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆንም። ባለቤቱ ተመልሶ ሲመጣ የጻፈው ቃል እንደገና ይፈጭና ሁለቱ ዱቄት አንድ ከሆኑ በሩ ይከፈታል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ ዱቄታቸው እንዳይመሳሰል ለእያንዳንዱ የተለያየ ቁጥር በዕጣ ይጨመርበታል፤ ባለሙያዎቹ ይህን «ጨው» ይሉታል። (አንኮበር ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ በአሞሌ ጨው ሲገበያይ ኖሯልና የጨውን ዋጋ ለሸዋ ሰው መንገር አያሻም።) እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን 6.5 ሚሊዮን ያህል የተፈጩ ቃላት ሾልከው ሲወጡ ጨው አልተጨመረባቸውም ነበርና እጅግ ብዙዎቹ ተፈቱ። ወፍጮው ፈጣን መሆኑም ጉዳት አለው፤ ሌባው በሴኮንድ ሚሊዮን ግምት ይሞክርበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የቀረበው ቢክሪፕትና እ.ኤ.አ. በ2015 የባለሙያዎችን ውድድር ያሸነፈው አርጎን2 ሆን ተብለው እንዲንቀራፈፉ የተሠሩት ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ማየት እየቻለ የማያየውና ጭራሹን ማየት እንዳይችል ራሱን ያሰረው ሲነጻጸሩ የትኛው ነው ታማኙ? የመጀመሪያው በየዕለቱ ነፍሱን ይታገላል፤ ለዚህም አጅር ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የሚፈተነው በሰው ንብረት ነው። በእኔ ቁልፍ ማንም ትዕግስቱን እንዲለካ አልፈቀድኩም። ሁለተኛው ፈተናውን ከሥሩ ነቅሎታል፤ ለእኔ አማናን የጠበቀው እርሱ ነው።

እርሱም ቢሆን ከእምነት ነፃ አይወጣም። ቃላችንን በምንጽፍባት ቅጽበት ማሽኑ ሳይፈጭ ያየዋል፤ በዚያች ቅጽበት የሚገለብጥ ተንኮለኛ ቢኖር ወፍጮው አያድነንም። 123456 ብሎ ለሚመርጥም ጨው ብዙ አይረዳውም። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የድርጅቱ ኃላፊ ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። አንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ሳምንት አይፈጅበትም አልኳቸው።