ፍርሃትና ፍቅር በልጅ ኅሊና

ልጅ ትእዛዝን አስቀድሞ የሚማረው በአፉ ነው። መስረቅ ክፉ ነው ሲሉት ክፉ ነው ይላል፤ መዋሸት ነውር ነው ሲሉት ነውር ነው ይላል፤ የሚለውንም ነገር ገና ሳይረዳው በቃሉ ያጠናዋል። ይህም የሚነቀፍ አይደለም፤ ንባብ ከትርጓሜ ይቀድማልና። ዳዊት የሚደግም ተማሪ ቃሉን በሕፃንነቱ ይይዛል፤ ምሥጢሩን ግን የሚያገኘው ዘግይቶ ከትርጓሜ መምህር እግር ሥር ሲቀመጥ ነው። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በአፍ የተያዘ ትእዛዝ ወደ ልብ የሚወርደው መቼ ነው? የሚያወርደውስ ምንድር ነው፤ ፍርሃት ነውን ወይስ ፍቅር?

ይህን ጥያቄ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ብዙ ዘመን መርምረውታል። የሮማ ትምህርተ ክርስቶስ ተብሎ በ1566 የወጣው መጽሐፍም፣ ከእርሱ በኋላ በ1992 የታወጀውም በአራት ክፍል የተከፈሉ ናቸው፤ ይኸውም ጸሎተ ሃይማኖት፣ ሰባቱ ምሥጢራት፣ ዐሥሩ ትእዛዛትና አባታችን ሆይ ነው። (በዚህ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዕድሜያቸው 12 ወይም 14 ዓመት ለሆነ ልጆች የሚሰጠውም ትምህርት ከእነዚሁ ከአራቱ ይቀዳል። ነገር ግን አራቱን ሁሉ ሳይሳሳት የሚመልስ ልጅ፣ በመለሰው ይኖርበታል ማለት አይደለም።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ዘይት ሊገዛ ከእናቱ ተልኮ ወደ ሱቅ ሄደ። በሱቁ የቆመው ሻጭ ተቀጣሪ ጕልማሳ ነበረ፤ መልስ ሲቈጥር ተሳስቶ አብዝቶ ሰጠው። ልጁም አየ፤ አውቆም ዝም አለ። ለእናቱ የሚገባትን መልስ አስረከበ፤ ትርፉን ግን በከረሜላ ጨረሰው። ያየው ሰው የለም፤ የጠረጠረውም የለም። ማታ ሊተኛ ሲል ግን ልቡ መታው።

ይህ ልጅ ተጠያቂ ነውን ቢሉ፣ ነው። በ1215 በሮማ በላተራን የተሰበሰበው ጉባኤ፣ ክፉና ደጉን ለመለየት የደረሰ ምእመን ሁሉ፣ ወንድ ቢሆን ሴትም ብትሆን፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለካህን እንዲናዘዝ፣ ቢያንስም በፋሲካ እንዲቈርብ ወስኗል። የመለየት ዕድሜ የተባለው ስንት ዓመት እንደ ሆነ ግን በቍጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ ልማዱ በየአገሩ ተለያየ፤ በአንዳንዱ ስፍራ ልጆች 10 ዓመት፣ በሌላው 12፣ በሌላውም 14 ዓመትና ከዚያም በላይ እስኪሆናቸው ድረስ ከቍርባን ይከለከሉ ጀመር። በ1910 ግን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 10ኛ ፈቃድ የወጣው ዐዋጅ ይህን ልማድ አስቀረው። ሕፃን ማሰብ ሲጀምር፣ ይኸውም በሰባት ዓመት ገደማ፣ ለኑዛዜም ለቍርባንም ደርሷል፤ የሊቅ ዕውቀት ከእርሱ አይፈለግም፤ ለመዳን የሚያስፈልገውን የሃይማኖት ምሥጢር በዐቅሙ ካወቀ፣ ቅዱስ ቍርባንንም ከተራ ኅብስት ከለየ ይበቃዋል ተባለ።

ዳሩ ግን ማሰብ የጀመረ ሁሉ በአንድ ቀን ሙሉ ሰው አይሆንም። በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሕግ ይህን በደረጃ ለይቶታል። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አሳቢ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ 14 ሲሞላው በተወሰኑት ቀኖች ከሥጋ የመከልከል ግዴታ ያገኘዋል፤ የጾም ግዴታ የሚጸናበት 18 ሲሞላው ነው፤ 16 ዓመት ያልሞላውንም ሕጉን ቢተላለፍ የቤተ ክርስቲያን ቅጣት አይነካውም። ያው ሕግ ደግሞ፣ በዕድሜያቸው ማነስ ግዴታው ያልደረሰባቸውን ልጆች ካህናትና ወላጆች የንስሓን እውነተኛ ትርጕም እንዲያስተምሯቸው ያዛል። ቅጣቱ ሳይደርስ ትርጓሜው ይድረስ ማለት ነው።

በምሥራቅ ያለው ሥርዓት ከዚህ ይለያል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው፣ ሜሮን ተቀብተው በዚያው ይቈርባሉ። ለምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊካውያን በ1990 የወጣው ሕግም ሜሮን ከጥምቀት ጋር እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ካቶሊካውያን በዚህ ሕግ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ሥርዓት በቍርባን ጊዜ ቢለያዩም በንስሓ ይገናኛሉ። ስለ ምን ቢሉ፣ ጸጋ በእናቱ ክንድ ላይ ለተኛ ሕፃን ይሰጣል፤ ንስሓ ግን ተኝቶ አይገባምና። ንስሓ የሚገባ ሰው ያደረገውን ማወቅ፣ ያወቀውንም የእኔ ነው ማለት አለበት።

የካቶሊክ ትምህርት ኃጢአት ለሞት የሚሆነው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው ይላል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ አድራጊው ክፋቱን በሙሉ ሲያውቅ፣ አውቆም በፈቃዱ ሲያደርገው። ከረሜላ የገዛው ልጅ በዚህ ሚዛን ቢመዘን፣ ገንዘቡ ጥቂት ስለ ሆነ ኃጢአቱ ቀላል ከሚባለው ወገን ነው። ነገር ግን ዕውቀቱም ፈቃዱም አልጐደለም። ሸክሙ ቀላል ነው፤ የጀመረው መንገድ ግን ሌላው ሌባ ከሄደበት መንገድ የተለየ አይደለም።

በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ፣ ሰው ማሰብ በጀመረ ጊዜ አስቀድሞ በልቡ የሚመጣው ነገር ስለ ራሱ መምከር ነው ይላል፤ ወዴት እሄዳለሁ፣ ለምንስ እኖራለሁ ብሎ ራሱን ወደሚገባው ፍጻሜ ማቅናት ወይም አለማቅናት ነው። ታላቁ ሊቅ ይህን የተናገረው ስለ ፈላስፋ ሳይሆን ስለ ልጅ ነው። በሌሊት በአልጋው ላይ የሚገላበጠውም የ13 ዓመት ልጅ ስሙን ባያውቀው ነው እንጂ በዚሁ ምክር ላይ ነበረ።

ልጅነት ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ቢኖር ቅዱስ አውጉስጢኖስን ይመልከት። በ354 በሰሜን አፍሪካ በታጋስቴ ከተማ የተወለደው ይህ አባት፣ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል፣ በ16 ዓመቱ ከባልንጀሮቹ ጋር የሰረቀውን ፍሬ ይናገራል። ፍሬው ከጎረቤት ዛፍ የተወሰደ ነው፤ እርሱ ግን ከዚያ የሚሻል በቤቱ ሞልቶት ነበረ። ተርበው አልበሉትም፤ አብዛኛውን ለዕሪያ ጣሉት። መጽሐፉን ሲጽፍ ጳጳስ ሆኖ ነበረ፤ ዕድሜውም ከ40 አልፏል። ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ ያን ጥቂት ፍሬ ያነሣው ስለ ዋጋው አይደለም። ለምን አደረግሁት ብሎ ልቡን ቢጠይቅ፣ ጥቅም አላገኘበትም፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር ብሎም ተረዳ። ባልንጀሮቹ እንሂድ ሲሉ እንቢ ማለት አፍሮ፣ ክፉ አለማድረግ እንደ ነውር ሆኖበት ነበር። ይህን በሽታ በዛሬው ዘመን ያሉ የ13ና የ14 ዓመት ልጆች ሁሉ ያውቁታል።

እንግዲህ ወደ ፍርሃትና ወደ ፍቅር እንመለስ ዘንድ ግድ ነው። በ1551 የትሬንቶ ጉባኤ ስለ ንስሓ ሲያስተምር ጸጸትን በሁለት ከፈለው። አንዱ እግዚአብሔርን ከመውደድ የሚመጣ ነው፤ ይህም ፍጹም ጸጸት ይባላል። ሁለተኛው የኃጢአትን አስቀያሚነት በማየት ወይም ገሃነምንና ቅጣትን በመፍራት የሚመጣ ነው፤ ይህም ያልተፈጸመ ጸጸት ይባላል። በዚያ ዘመን፣ ከፍርሃት የሚመጣ ጸጸት ሰውን ግብዝ ያደርገዋል የሚሉ ነበሩ። ጉባኤው ይህን አልተቀበለም፤ ያልተፈጸመውም ጸጸት ኃጢአትን መተው ካለበት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ሰውየውንም ወደ ንስሓ ያዘጋጀዋል አለ። ቅዱስ ቶማስም ከዚያ በፊት የባሪያን ፍርሃትና የልጅን ፍርሃት ለይቶ ነበር። ባሪያ የሚፈራው ጅራፉን ነው፤ ልጅ የሚፈራው አባቱን ማሳዘንን ነው።

በዚህ ነገር ላይ አስተማሪዎች በሁለት ወገን ይሳሳታሉ። አንደኛው ወገን አለንጋና ገሃነም ካልተነሣ ልጅ አይታረምም ይላል። ዳሩ ግን በፍርሃት ብቻ ያደገ ልጅ የሚሸሸው ኃጢአትን ሳይሆን መታየትን ነው። አባቱ በቤት ሳለ ቅዱስ ነው፤ አባቱ ሲወጣ ሌላ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ስለ ፍርድ ለልጅ አይነገር፤ ፍቅር ብቻ ይነገረው ይላል። ይህም መልካም መስሎ ይጐዳል፤ ሥራው ፍሬ እንዳለው ያልተነገረው ልጅ ሥራውን እንደ ጨዋታ ይቈጥረዋልና። የትሬንቶ ጉባኤ ትምህርት ከሁለቱ መካከል ያልፋል። ፍርሃት በር ነው፤ በር የሌለው ቤት አይገባበትም፤ በር ላይ ተቀምጦ የሚያድር ግን ቤት ገባ አይባልም።

በአልጋው ላይ የተገላበጠው ልጅ አስቀድሞ ያሰበው፣ ቢታወቅብኝስ ብሎ ነው። ሻጩ ነገ ቢጠይቀኝ፣ እናቴ ብትሰማ፣ እግዚአብሔርስ ቢቀጣኝ አለ። ይህ ሐሳብ ከእንቅልፍ ስላነቃው ጠቅሞታል፤ ነገር ግን በዚህ ሐሳብ ውስጥ ያለው ሰው ልጁ ብቻ ነው። ፍርሃት ዐይኑን ወደ ራሱ ይመልሳል። ቈይቶ ግን ሁለተኛ ሐሳብ መጣለት፤ ሻጩስ አለ። የሱቁ ባለቤት ማታ ሒሳቡን ሲያይ ገንዘቡ ይጐድላል፤ ጕድለቱንም የሚከፍለው ያ ተቀጣሪ ጕልማሳ ነው፤ ምናልባትም ሌባ ተብሎ ከሥራው ይባረራል። ልጁ በዚህ ጊዜ አለቀሰ። የፊተኛው ጭንቀት ስለ ራሱ ነበረ፤ ይህ ልቅሶ ስለ ሌላ ሰው ነው። እግዚአብሔርን መውደድ ባልንጀራን ከመውደድ አይለይምና፣ የተበደለውን ሰው ያየ ልጅ ከበሩ አልፎ ወደ ቤት መግባት ጀምሯል።

የተበደለውን ሰው ማየት በልቅሶ ብቻ አይቀርም። የካቶሊክ ትምህርት፣ የወሰደ ሰው የወሰደውን ሊመልስ ይገባዋል ይላል። ካህን ኃጢአትን ይፈታል፤ በሱቁ ሣጥን ውስጥ የጐደለውን ገንዘብ ግን ፍታት አይሞላውም። ልጁ ቢናዘዝ ካህኑ የሰማውን ለእናቱም ለባለ ሱቁም ለማንም ሊናገር አይችልም፤ የኑዛዜ ምሥጢር አይገለጥምና። ልጁም ራሱን በአደባባይ እንዲያዋርድ አይገደድም፤ ገንዘቡን ስሙን ሳይገልጥ በሥውር ቢመልስ ግዴታውን ፈጽሟል። ይህ ለሚያፍር ልጅ የተሰጠ ምሕረት ነው። ነገር ግን በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድ ችግር ይቀራል። ገንዘቡ በሥውር ቢመለስም ሻጩ አስቀድሞ ሌባ ተብሎ እንደ ሆነ፣ ስሙን ማን ይመልስለታል? ስም ያጠፋ ሰው በሚቻለው ሁሉ ያን ስም ሊያድስ እንደሚገባው ያው ትምህርት ያዛል። ልጁ ስሙን ያጠፋው በአፉ አይደለም፤ ዝም በማለቱ ግን ሌላ ሰው ሊዋረድ መሆኑን ዛሬ ያውቃል። አውቆ ዝም ቢል፣ ይህ ከፊተኛው የከፋ ሁለተኛ በደል ነው።

ስለዚህ ልጆችን የሚያስተምር ሰው፣ ካህን ቢሆን ወላጅም ቢሆን፣ የጥፋተኛውን ልጅ ፊት ሲያይ የሚጠይቀውን ቃል ይምረጥ። ምን እንደሚደርስብህ ታውቃለህን ብሎ ብቻ የሚጠይቅ፣ ልጁን በበሩ ላይ ይተወዋል። ይህን ጠይቆ ደግሞ፣ ማንን በደልህ ብሎ የሚጠይቅ ግን የትእዛዙን ትርጓሜ ይሰጠዋል። ሰባት ዓመት ሲሆነው በአፉ ያጠናው ቃል በ13 ዓመቱ ፊት ያገኛል፤ መስረቅ ክፉ ነው የተባለው ነገር የአንድ ተቀጣሪ ጕልማሳ ፊት ይሆንበታል።

በማግሥቱ ልጁ ከሱቁ በር ቆመ። በእጁ ከእናቱ የለመነው ገንዘብ ነበረ፤ ለምን እንደ ፈለገውም አስቀድሞ ነግሯታል። መመለሻውን በመስኮቱ ጥሎ ሊሮጥ ይችል ነበር፤ ያም ቢሆን ዕዳው በተከፈለ ነበር። እርሱ ግን ገባ፤ ባለቤቱ እየሰማም ሻጩን፣ ትናንት አብዝተህ ሰጥተኸኝ ዐውቄ ወስጃለሁ አለው።