በመንገዳችን ላይ የሚገኘው ሰው

ንባብ፦ የሉቃስ ወንጌል 10፥25-37



ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ የተናገረውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ ስለ ሰማነው ግን በውስጡ ያለችውን አንዲት ትንሽ ቃል ሳናስተውል እናልፋለን። ካህኑ በዚያ መንገድ የወረደው «ድንገት» እንደ ሆነ ጌታችን ይናገራል። ካህኑ የቈሰለ ሰው ሊፈልግ አልወጣም፤ ማንም አልላከውም፤ ቀጠሮም አልነበረውም። መንገዱ ብቻ አገናኛቸው። ሌዋዊውም እንዲሁ መጣ፥ ሳምራዊውም እንዲሁ መጣ። ሦስቱም በአንድ መንገድ ሄዱ፥ አንድ ሰው አዩ። እንግዲህ ልዩነታቸው በመገናኘቱ አይደለም፤ ከተገናኙ በኋላ በሆነው ነገር ነው። ሁለቱ አለፉ፥ አንዱ ቆመ።

ስለዚህ ዛሬ ልብ እንድንለው የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ የማናውቀውን ሰው በመንገዳችን ላይ የሚያኖረው እግዚአብሔር ነው፤ እኛ የምንጠየቀው ግን ቆመን እንደ ሆነ ወይም ገለል ብለን አልፈን እንደ ሆነ ነው።

1ኛ/ ድንገት የሆነ የሚመስለን ነገር ከእግዚአብሔር እጅ ውጭ አይደለም።

ሞዓባዊቱ ሩት ከአማትዋ ጋር ወደ ቤተ ልሔም በመጣች ጊዜ ድሀና መጻተኛ ነበረች። እንጀራ ፍለጋ ቃርሚያ ልትለቅም ወጣች፤ የማን እርሻ እንደ ሆነ ሳታውቅም ወደ ቦዔዝ እርሻ ገባች። መጽሐፉ ይህን ሲተርክ እንደ አጋጣሚ አድርጎ ይተርከዋል። ነገር ግን ያቺ መጻተኛ የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት ሆነች፤ ማቴዎስም በጌታችን የትውልድ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ስምዋን ጻፈ። ሩት የፈለገችው አንድ ቀን የሚያበላትን እህል ነበረ፤ እግዚአብሔር ግን ለዓለም ሁሉ የሚሆነውን እንጀራ በእርስዋ በኩል ያዘጋጅ ነበር።

እኛ በልማዳችን «ዕድሌ ነው» እንላለን። ዕድል ግን ዐይን የለውም፥ ልብም የለውም። ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ ያለ አባታችን ፈቃድ በምድር ላይ እንደማትወድቅ የተማርን ሰዎች በጕዞ አጠገባችን የተቀመጠውን መንገደኛ፥ በሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ የምናገኘውን በሽተኛ፥ በወፍጮ ቤት ደጅ የቆመችውን መበለት ከንቱ አጋጣሚ አድርገን ልናይ አይገባንም።

2ኛ/ መቆም ዋጋ ያስከፍላል።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በዚህም ርቀት ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ይወርዳል። ገደልና ዋሻ የበዛበት ምድረ በዳ ስለ ሆነ ለወንበዴ የተመቸ ነበር። ስለዚህ ካህኑና ሌዋዊው ያለፉት ልባቸው ድንጋይ ስለ ነበረ ብቻ ነው ብለን አንፍረድባቸው። ምናልባት ፈርተው ይሆናል፤ ምናልባት ቸኵለው ይሆናል። ወንበዴዎቹ ገና አልራቁ ይሆናል ብለውም አስበው ይሆናል። እኛም ያለፍንባቸውን ሰዎች ብንቈጥር ምክንያታችን ከዚህ የተለየ አይደለም። «ጊዜ የለኝም፤ ሌላ ሰው ይረዳዋል፤ ማን እንደ ሆነ በምን አውቃለሁ?» እንላለን።

ሳምራዊው ግን ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። ዘይቱንና ወይኑን አፈሰሰ፤ ቍስሉን አሰረ፤ የቈሰለውን በገዛ አህያው ላይ አስቀምጦ ራሱ በእግሩ ሄደ። ወደ እንግዶች ማደሪያም አድርሶት አንድ ሌሊት አስታመመው፤ በማግስቱም ሁለት ዲናር ለባለቤቱ ሰጠ። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደ ነበረ ጌታችን ስለ ወይን አትክልት ሠራተኞች በተናገረው ምሳሌ እንረዳለን። ደግሞም ሳምራዊው ሥራውን ትቶ ዘመኑን ሁሉ ከበሽተኛው ጋር አልተቀመጠም። የሚቻለውን አደረገ፤ የቀረውን ለሌላ ሰው አደራ ሰጠ፤ እመለሳለሁ ብሎም ሄደ። እንግዲህ የዓለምን ሸክም ሁሉ ብቻችሁን ተሸከሙ አልተባላችሁም። በእጃችሁ ያለውን ዘይት አፍስሱ፤ ከዚያም በኋላ ማኅበረ ምእመናን፥ ሐኪም፥ ጎረቤት እንዲረዱ ጥሩ።

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት በሰው ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። አባቶቻችን ይህን ቃል ሰምተው ደጃቸውን ከፈቱ፤ እናቶቻችንም የእንግዳውን እግር አጥበው ካላቸው አበሉት። ይህ ልማድ ለእኛ የተተወልን መልካም ርስት ነው። በቤታችን ቍልፍ ሲበዛ፥ በከተማችንም ሰው ሲበዛ ይህ ርስት ከእጃችን እንዳይወድቅ እንጠንቀቅ።

3ኛ/ የቆመ ሰው የሥራውን ፍጻሜ አያውቅም።

ለዚህ ነገር ከራሳችን ታሪክ ሁለት ምስክሮች አሉን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አቡ ሩሚ የተባሉ ሽማግሌ ኢትዮጵያዊ በካይሮ ነበሩ። ብዙ አገር የዞሩ፥ የተማሩም ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን በሰው አገር ታመው ወደቁ። በዚያች ከተማ አሴሊን ደ ሸርቪል የሚባል በፈረንሳይ ቆንስላ የሚሠራ ሰው ነበረ፤ ሚስዮናዊ አልነበረም፤ የምሥራቅ ቋንቋዎችን የሚወድ ሊቅ ነበረ። ይህም ሰው የማያውቃቸውን በሽተኛ ረዳ። ከተዋወቁም በኋላ ሁለቱ ዐሥር ዓመት ሙሉ አብረው ሠሩ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጃቸውን ዘግተው ከመጽሐፍ ቅዱስ እያንዳንዱን ቍጥር በዓረብኛ በቀስታ ያነቡ ነበር፤ አቡ ሩሚም በአማርኛ ይጽፉት ነበር። ሥራው ሲፈጸም በእጃቸው የጻፉት 9,539 ገጽ ሆነ። በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌሎች በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ ግን መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩ ዐረፉ።

ወገኖቼ፥ ይህን አስቡ። አያቶቻችን ቃለ እግዚአብሔርን በሚናገሩበት ቋንቋ ካነበቡባቸው መንገዶች አንዱ የጀመረው በአንድ በሽተኛ መንገደኛ አልጋ አጠገብ ነው። አሴሊን በዚያን ጊዜ አልፎ ቢሄድ ኖሮ ማንም ባልወቀሰው ነበር፤ ምን እንደ ጐደለም ማንም ባላወቀ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። በኢሉባቦር የተወለደ የኦሮሞ ልጅ ነበረ። ገና ሕፃን ሳለ ከእናቱ ነጥቀው ሸጡት፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታም ደጋግመው ሸጡት፤ በመጨረሻም ምጽዋ ደረሰ። በ1866 ከስዊድን የመጡት የወንጌል መልእክተኞች ወደ ኦሮሞ አገር ሊገቡ ተመኝተው ነበር፤ መንገዱ ግን ስለ ተዘጋባቸው በባሕሩ ዳርቻ ቀርተው ነበር። እነርሱ መግባት ከተከለከሉበት አገር የወጣው ልጅ በ1870 ነፃነቱን አግኝቶ ወደ ትምህርት ቤታቸው መጣ። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀ። አድጎም መጽሐፍ ቅዱስን በእናቱ ቋንቋ ለመተርጐም ተነሣ።

ነገር ግን ከአገሩ የወጣው ሕፃን ሳለ ነበርና የቋንቋው ቃላት ጐደሉበት። በ1886 ባሮችን ጭና ወደ ዓረብ አገር ልትሻገር የነበረች ጀልባ በቀይ ባሕር ላይ በኢጣሊያ መርከብ ተያዘች፤ ነፃ ከወጡትም መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ነበረች። እርስዋም በምጽዋ አጠገብ ወዳለው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት መጣች። ለኦነሲሞስ የጐደለው በእርስዋ አፍ ነበረ፤ ቃላቱን፥ ተረቱን፥ ዘፈኑን ከነለዛው ታውቅ ነበር። በእርስዋም ረዳትነት ሥራው ተከናወነ። ሐዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። ኦነሲሞስም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ አስተማረ፤ በ1931 እስኪያርፍ ድረስም ቃሉን ሰበከ።

በዚህ ስፍራ ግን እንጠንቀቅ። ሕፃንን ከእናቱ እቅፍ ነጥቆ መሸጥ እግዚአብሔር የሚጸየፈው ኀጢአት ነው። ፍሬው መልካም ሆነ ብለን ክፉውን ሥራ መልካም ልንለው አንችልም። ከኦነሲሞስና ከአስቴር ጋር የተሸጡ፥ ማንም ቆሞ ያላዳናቸው ስንት ልጆች ነበሩ! የእነርሱን ዕንባ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከጌታው ስለ ኰበለለው ስለ ጥንቱ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ «ምናልባት» የምትለውን ቃል ጨምሮ ጻፈ። እንደዚያ ያለ ሐዋርያ የእግዚአብሔርን ምሥጢር እንደሚያውቅ ሆኖ ካልተናገረ፥ እኛም የሰውን መከራ አይተን «ይህ የሆነው ለዚህ ነው» ለማለት አንቸኵል። የእኛ ፈንታ ምክንያቱን መተርጐም አይደለም፤ በወደቀው ሰው አጠገብ መቆም ነው። ፍጻሜውን ለእግዚአብሔር እንተውለት።

4ኛ/ አስቀድሞ የቆመልን ጌታችን ነው።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉ እቆማለሁ፤ በዚህም እጸድቃለሁ» የሚል ቢኖር ገና ራሱን አላወቀም። የሕጉ መምህር ጌታችንን የጠየቀው ራሱን ሊያጸድቅ ወዶ ነበር፤ ጌታችንም ይህን ምሳሌ የነገረው ያን ትምክሕት ሊያፈርስ ነው። ያለፍንባቸውን ሰዎች ቈጥረን ዕዳችንን የምንከፍልበት ሁለት ዲናር ከየት እናመጣለን?

ወንጌል ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በመንገድ ዳር በኀጢአት ቈስለን የወደቅነው እኛ ነን። ሕግ መጣ፥ ቍስላችንን አሳየን፥ ሊያነሣን ግን አልቻለም። የእግዚአብሔር ልጅ ግን ወደ ወደቅንበት ስፍራ ወረደ። እርሱ ድንገት አላገኘንም፤ ሊፈልገን መጣ እንጂ። በራሱ ደም ዕዳችንን ከፈለ፤ በጥምቀት አጠበን፤ በቅዱስ ቍርባን ይመግበናል፤ ዳግመኛም እንደሚመጣ ቃል ገባልን። እንግዳ ሆነን ሳለን የቤቱ ልጆች አደረገን። ስለዚህ ለእንግዳው የምንቆመው ለመዳን አይደለም፤ ስለ ዳንን ነው። በፍርድ ቀንም «እንግዳ ሆኜ ስመጣ ተቀበላችሁኝ» ተብለው የሚመሰገኑት፥ ያንን ሥራቸውን ቈጥረው የማያውቁ መሆናቸውን አስተውሉ።

እንግዲህ፥ የተወደዳችሁ ሆይ፥ በዚህ ሳምንት የማታውቁት ሰው በመንገዳችሁ ላይ ይገኛል። ምናልባት ከቀዬው የተፈናቀለ ነው፤ ምናልባት ቋንቋችሁን የማይናገር፥ ወገናችሁም ያልሆነ ነው። ሳምራዊውና የቈሰለው አይሁዳዊም ሕዝቦቻቸው የማይነጋገሩ ነበሩ። ምናልባትም ጥንት አስቴር ልትሻገረው በነበረው ባሕር ላይ ዛሬ ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር የሚሄድ፥ የደላላ ዕዳም የከበደው ወጣት ነው። ስሙን ጠይቁት፤ የሚለውን ስሙት፤ ውኃ ስጡት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ላታዩት ትችላላችሁ፤ አቡ ሩሚም አላዩም። እግዚአብሔር ግን ያያል።

እንጸልይ።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፥ ሌሎች ባለፉን ጊዜ አንተ ስለ ቆምህልን እናመሰግንሃለን። ቸኵለን ያለፍናቸውን፥ ፈርተንም የተውናቸውን ሰዎች አንተ አግኝተህ አንሣቸው፤ የእኛንም በደል ይቅር በል። የምናይበት ዐይን፥ የምንቆምበት ትዕግሥት፥ የምንሰጥበትም እጅ ስጠን። በባዕድ አገር፥ በባሕርና በበረሃ ያሉትን መንገደኞች ሁሉ ጠብቅ፤ ደጅ የሚከፍትላቸውንም ሰው አዘጋጅላቸው። ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር ለዘላለም ክብር ለአንተ ይሁን። አሜን።