ከተማን የሚቆረቁር ማነው?

የሰው ልጅ መኖሪያውን የሚመርጠው በገዛ ፈቃዱ ነው ወይስ ወንዙ፣ ተራራውና ሜዳው አስቀድመው ይመርጡለታል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የጂኦግራፊ መምህራን ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የኃላፊነት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። አንድን ከተማ ባለበት ቦታ ያቆመችው ተፈጥሮ ብቻ ከሆነች፣ በነዋሪው ላይ ለሚደርሰው መከራም ተጠያቂዋ እርሷ ናት ማለት ነው፤ ተፈጥሮን ደግሞ ከችሎት ፊት አቁሞ ቃሏን የሚቀበል ዳኛ የለም።

ለተፈጥሮ ከፍተኛውን ሥልጣን የሚሰጡ አሳቢዎች በየዘመኑ ተነሥተዋል። ፈረንሳዊው ሞንቴስኪዩ እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው «የሕጎች መንፈስ» በተሰኘው ሥራው የአየር ጠባይ በሕዝቦች ባሕርይና በሕጎቻቸው ላይ ያሳድራል ያለውን ተጽዕኖ በሰፊው ተንትኗል። የዚህን አመለካከት ጠንካራ ተቃውሞ ካቀረቡት አንዱ የታሪክ ሊቁ ሉስየን ፌቭር ነው። ፌቭር እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣው መጽሐፍ፣ ምድር ልዩ ልዩ አማራጮችን ለሰው ታቀርባለች እንጂ ትእዛዝ አትሰጥም፤ ከቀረቡት መካከል የሚመርጠው ሰው ነው ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ብዙ ቀለም ፈጅቷል፤ የፌቭር ወገን ለእውነት የቀረበ መሆኑም በዛሬው ዕውቀት የሚያጠራጥር አይደለም።

ይሁን እንጂ «ሰው ይመርጣል» በሚለው አባባል ውስጥ የተሸሸገ ጉድለት አለ። «ሰው» ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ የሚናገር፣ በአንድ እጅ የሚሠራ ይመስላል። በተጨባጩ ዓለም ግን ቦታውን የሚመርጠውና በተመረጠው ቦታ ላይ ልጆቹን የሚያሳድገው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ይህን ከሁሉ ቀድሞ ካስተዋሉት መካከል በ14ኛው ምእተ ዓመት የኖረው የቱኒሱ ተወላጅ ኢብን ኻልዱን ይገኛል። ለከተማ የሚታጭ ቦታ ውሃ የቀረበው፣ አየሩ ጤነኛ፣ ግጦሽ፣ እርሻና ማገዶ የማይርቀው፣ ከጠላትም ለመከላከል የሚመች ሊሆን እንደሚገባ ከዘረዘረ በኋላ፣ ኩፋን፣ ባስራንና ቀይረዋንን የቆረቆሩትን ዐረቦች ይነቅፋቸዋል። የእነርሱ ዐይን ያየው የግመሎቻቸውን ግጦሽና የበረሃውን መንገድ ብቻ ነበርና። መሥራቹ ለግመሉ መረጠ፤ ግመሉ የማይፈልገው ነገር ሁሉ ሲጎድል ግን ጉድለቱን የቻለው በኋላ የሰፈረው ሕዝብ ሆነ።

ከኢትዮጵያ ከተሞች ለዚህ ጉዳይ ከድሬዳዋ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። ድሬዳዋም ለአንድ ግመል የተመረጠች ከተማ ናት፤ ግመሉ ግን የብረት ነበር።

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የምድር ባቡር ውል መሠረት፣ ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ የመጀመሪያ መድረሻው ሐረር ነበረች። ይህም የሚገባ ነበር። ሐረር በ16ኛው ምእተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በግንብ የታጠረች፣ በአምስት በሮቿ የአካባቢውን ገበሬና የሩቁን ሲራራ ነጋዴ የምትቀበል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የቡና አገር ላይ የተቀመጠች ጥንታዊ የንግድ ማእከል ናት። ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ ሲደርስ ግን ገደል ፊት ለፊቱ ቆመበት። ግርጌው 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ሐረር ለመድረስ ከ7 መቶ ሜትር በላይ መውጣት ይጠይቃል፤ በቅሎና ግመል ለዘመናት የወጡትን ዳገት ሐዲድ በቀላሉ አይወጣውም። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ሥር ቆመ፤ የቆመበትም ቦታ አዲስ ሐረር ተባለ። የነዋሪው አንደበት ግን ድሬዳዋ የሚለውን ስም አጸና።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ፈረደች ብሎ መዝገቡን መዝጋት ይቀላል። ድሬዳዋን የወለዳት ገደሉ ነው ይባላል፤ በየመማሪያ ክፍሉም ሲነገር የኖረው ይኸው ነው። ነገር ግን ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1911 ከምፅዋ የተነሣውን ሐዲድ ከ2 ሺህ 3 መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአስመራ አድርሰውታል። እነርሱ የወጡት ገደል ከሐረሩ የሚያንስ አልነበረም፤ ይልቁንስ ይብስ ነበር። ዋሻ እየፈለፈሉ፣ ድልድይ እየጣሉ፣ በጠመዝማዛ መንገድ ወጡት። ልዩነቱ የመጣው ከካዝናው ነው። በአንድ በኩል ቅኝ ግዛቱን አጥብቆ ለመያዝ የቆረጠ መንግሥት ነበር፤ በሌላው በኩል ገንዘብ ያጠረውና ትርፉን ቶሎ ማየት የሚፈልግ ኩባንያ ነበር። ገደሉ ዋጋውን ተናገረ፤ አይከፈልም ብሎ የወሰነው ግን ሰው ነው። «አይቻልም» የሚለው ቃል በሰነድ ላይ ሲሰፍር ስንት ጊዜ «ውድ ነው» ለማለት እንደተጻፈ ቢቆጠር የብዙ ከተሞች ታሪክ በሌላ መልክ ይነበብ ነበር።

የአዲስ አበባም ነገር ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ እንደቀድሞዎቹ የነገሥታት ከተሞች ልትለቀቅ ተቃርባ፣ አዲስ ዓለምም ምትክ እንድትሆን ተቆርቁራ ነበር። ባሕር ማዶ ተሻግሮ የመጣ ባሕር ዛፍ ፍርዱን ገለበጠው።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ሐዲዱ በገንዘብ እጥረትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ለዓመታት በዚያው ቆሞ በመቅረቱ፣ ጊዜያዊ የነበረው መድረሻ ቋሚ ከተማ ሆነ። ባቡሩ ያራገፈውን በቅሎና ግመል የሚረከቡበት፣ ደገኛው ቡናውን ይዞ የሚወርድበት፣ ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ የሚገናኝበት ሥፍራ ሆነ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ድሬዳዋ መንገደኛው ሁሉ የሚያውቃት ትልቅ ጣቢያ ነበረች። በሐዲዱ ዙሪያ መንገዱ በገመድ እንደተለካ ቀጥ ያለው፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነው ከዚራ ተነሣ። ከማዶ ደግሞ የገበያውና የጠባብ መንገዶቹ መጋላ ሰፋ። በሁለቱ መካከል ደቻቱ ይወርዳል።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ወንዝ አይባልም። ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሻጭና ገዥ ይገናኙበታል። የባቡሩ ጣቢያ በዚያ ቦታ እንዲመች ያደረገውና የደቻቱ ጎርፍ መነሻው አንድ ነው፤ እርሱም ከላይ ያለው ደጋ ነው። በደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ መሬት ሰርጎ ከግርጌው የከርሰ ምድር ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ያለ ውሃ የማይንቀሳቀሰው የእንፋሎት ባቡር ከበረሃ ጉዞ በኋላ የሚሻውም ይህንኑ ነበር። ከፊሉ ደግሞ ሳይሰርግ በቁልቁለቱ ይወርዳል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ በኮከብ ደምቆ ሳለ፣ ደንገጎ ላይ የጣለው ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደቻቱን ሞልቶ ሊወርድ ይችላል።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነው ይህ ነው። ሕዝቡ በእንቅልፍ ላይ እያለ ጎርፉ በሌሊት ወርዶ ከ2 መቶ በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ጠረገ፤ ብዙ ሺህ ነዋሪዎችን ያለ መጠለያ አስቀረ። ይበልጡን የተጎዱት ከመውረጃው ዳርና ከዝቅተኛው ቦታ ላይ የሰፈሩት ነበሩ።

እንዲህ ያለ አደጋ በማንኛውም ከተማ ሲደርስ ሁለት ቃላት ተከታትለው ይሰማሉ። በመጀመሪያው ቀን «የተፈጥሮ አደጋ ነው» ይባላል። ሐዘኑ በረድ ሲል ደግሞ «ማን እዚያ ሥሩ አላቸው?» የሚለው ይከተላል። የፍልስፍናው ክርክር በሙሉ በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል፤ አንደኛው የሞንቴስኪዩን ወገን፣ ሁለተኛው የፌቭርን ወገን ልብስ ለብሶ ይቀርባል። እጅግ የሚያስገርመው ሁለቱም ከአንድ ሰው አፍ መውጣታቸው ነው። በመጀመሪያው አነጋገር ማንም አልመረጠም፤ በሁለተኛው የመረጠው የሞተው ነው። በሁለቱም መካከል የመምረጥ ሥልጣን የነበረው ሰው ሳይጠየቅ ያልፋል።

እርግጥ ነው፣ በመውረጃው ዳር ጎጆውን የቀለሰው ሰው ውሃው ሊመጣ እንደሚችል ፈጽሞ አላወቀም ማለት አይቻልም። ከዚያ በፊትም ጎርፍ ታይቷል። ግን የእርሱ ምርጫ በምን መካከል ነበር? በገበያው አቅራቢያ ጉልበቱን ሸጦ በሚያድርበት ቦታ ከአደጋ ጋር በመኖርና ከአደጋ ርቆ ያለ እንጀራ በመኖር መካከል ነበር። ሰው በየቀኑ ከሚመጣ ረሃብ ይልቅ በዓመታት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጎርፍን ቢመርጥ ሞኝ አይባልም። ደረቁና ከፍ ያለው መሬት አስቀድሞ ተይዟል፤ የቀረው አሸዋው ነው። ፌቭር ምድር ለሰው ታቀርባለች ያላቸው አማራጮች ለሁሉም ሰው በአንድ ገበታ አይቀርቡም።

ጉዳዩ በከተማው ክልልም አያበቃም። ቁልቁለት ከላይ ያለውን ሰው ሥራ ወደታችኛው ደጅ የሚያወርድ የተፈጥሮ መልእክተኛ ነው። በደጋው ላይ ዛፍ ሲቆረጥና ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ ውሃ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ የታችኛው ነዋሪ የማያውቀው ሰው በማያውቀው ተራራ ላይ የፈጸመው ሥራ በሌሊት በሩን ይመታል። ቆራጩም ቢሆን ማገዶውን ወደዚያው ከተማ ገበያ አውርዶ የሚሸጥ ድኻ ገበሬ ነው። ከተማው የገዛው እንጨት ጎርፍ ሆኖ ይመለሳል። ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱን ሰው ነጥሎ ጥፋተኛ ማለት ግፍ ነው። ዳሩ ግን ሰንሰለቱን ከነቀለበቱ አይቶ፣ ለደጋው ችግኝና እርከን፣ ለቆላው ሌላ የቤት መሥሪያ ቦታ ሊያዘጋጅ የሚችል አካል መኖሩ አይካድም። ዕውቀትና ሥልጣን በአንድ እጅ ሲገናኙ «አልቻልኩም» የሚለው ምክንያት ይጠባል። አሸዋው በየዓመቱ የውሃውን መንገድ ጽፎ እያስነበበ፣ ያነበበ ባለሥልጣን «ድንገት ደረሰ» ሊል አይገባውም።

ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። በአዲሱ ቦታ ቤት የተሰጣቸውም አሉ። ቢሆንም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በከተማይቱ እንደገና ጎርፍ ሰው ገድሏል።

በዚሁ መካከል ላይኛዪቱ ሐረርም የራሷ ጣጣ ደርሶባታል። ለመጠጥ ውሃ የምትመካበት የሐረማያ ሐይቅ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ልክ እየተሳበ፣ ከተራቆተው ኮረብታ በሚወርድ ደለልም እየተሞላ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ደረቀ፤ ውሃ የተመለሰበት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለሐረር ውሃ የተፈለገው ከታች ነበር። ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ቧንቧ ተዘርግቶ፣ ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ እንዲጓዝ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ለባቡሩ አይወጣም የተባለው ዳገት ይኸው ነው። የፓምፑ ኃይልና የቧንቧው ጥገና በየወሩ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይከፈላልም።