ቃርሚያ የማን ነው?

ባለፈው ኅዳር ሰኮሩ አካባቢ አንድ ዘመዴ ጓሮ ነበርኩ። ቡናው ተለቅሞ አልቋል። አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን ይዘው ገቡና የረገፈውንና ከቅርንጫፍ ጫፍ የተረሳውን መልቀም ጀመሩ። ዘመዴ ጮኸባቸው። «ዛሬ ቃርሚያ ብለው ይገባሉ፤ ነገ ያልተለቀመውን ሲሸመጥጡ ታገኛቸዋለህ» አለኝ። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በለቀማ ወቅት የቡና ሌባ ገበሬን እንቅልፍ ይነሳል። አሮጊቷ ግን አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ለመሆኑ ያ የረገፈ ቡና የማን ነበር?

ጥያቄው የቆየ ነው። አይሁድ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት በ54 ምንባብ ከፍለው፣ በየሰንበቱ እያነበቡ በዓመት ይዘልቋቸዋል፤ የሳምንቱን ምንባብም ከኑሯቸው ጋር ያገናዝባሉ። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና በዘዳግም ምዕራፍ 24 ቃርሚያ ተደንግጓል። ባለ እርሻ የማሳውን ዳር አሟጦ አያጭድም፤ ወይራውንና ወይኑን አንዴ ከለቀመ ተመልሶ አይቃርምም። የቀረው የመጻተኛው፣ የድሃ አደጉና የመበለቲቱ ነው። ልብ እንበል፤ ሕጉ ባለቤቱን ስጥ ሳይሆን ተው ነው የሚለው። ስለዚህ ቃርሚያ ምጽዋት አይደለም። ቃራሚው በገዛ እጁ ይለቅማል፤ ደጅ የሚጠናው ጌታ የለበትም።

በአገራችን ይህን ኦሪት ሲጠብቁ የኖሩት ቤተ እስራኤል ናቸው። ቄሶቻቸው በግዕዝ እያነበቡ በሚያውቁት ቋንቋ ያስረዷቸው ነበር። የሚገርመው፣ ስለ ማሳ ዳር የሚሰሙት ሰዎች አብዛኞቹ የራሳቸው ማሳ አልነበራቸውም። ርስት ተነፍገው፣ የሰው መሬት በጭሰኝነት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ደርሰዋል። ያው ምንባብ ለባለ ርስት ግዴታ ነው፤ ርስት ለሌለው ግን መብት ነው። ከየትኛው ወገን ሆነን እንደምንሰማው ራሳችንን መጠየቅ ይኖርብናል።

ለዘመዴ ስጋትም ሕጉ መልስ አለው። ባለቤቱ ይቀድማል፤ ቃራሚው ይከተላል። ስርቆትንና ቃርሚያን የሚለየው ተራ ነው። አሮጊቷ ደግሞ ተራቸውን ጠብቀው ነበር የመጡት።

እኛ ከተሜዎች ማሳ የለንም እንል ይሆናል። ዳሩ ግን ከተሸካሚው ጋር ለመጨረሻዋ ብር ስንከራከር፣ ወደ ለቀምነው ዛፍ መመለሳችን አይደለምን?

ያን ዕለት ይህን ሁሉ ለዘመዴ አልነገርኩትም። ቡናውን ፉት እያልኩ ዝም አልኩ።